ውሻው ደህና ይመስላል፤ አንጀቱ ውስጥ ያለው ትል ግን የቤተሰቡን ጉበት ሊነካ ይችላል

ጀርመን ሸፐርድ የመሳሰሉ ደረታቸው ጠለቅ ያለ ትልልቅ ዝርያዎች ጨጓራቸው ተነፍቶ የመጠምዘዝ ችግር ይበዛባቸዋል። ውሻው ሆዱ ተነፍቶ ለማስመለስ እየታገለ ምንም ካልወጣው የሰዓታት ጉዳይ ነው፣ ሮጦ ሐኪም ጋ ማድረስ ነው። የደባርቅና የዳባትን በግ ጠባቂ ውሻ ለአንጀት ችግር የሚያጋልጠው ግን ዘሩ ሳይሆን የሚበላው ነው። ዛሬ የምናወራው ስለዚህ ነው።

ትሉ ኢኪኖኮከስ ይባላል። የኮሶ ትል ዘመድ ነው፤ ኮሶ በሜትር ሲለካ ይሄ ግን 1 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። አንድ ውሻ ትንሹ አንጀቱ ውስጥ በሺዎች ይዞ፣ ሳይከሳና ሳያስቀምጠው ሊዞር ይችላል። «የኛ ውሻ ጤነኛ ነው» የሚለው ነገር እዚህ ጋ አይሠራም።

ለፋሲካ በግ ይታረዳል፣ ወይ ሰፈርተኛው ቅርጫ ይገባል። ጉበቱ ወይም ሳንባው ላይ ውሃ የቋጠረ ፊኛ የመሰለ ነገር ሲገኝ «ይሄስ አይበላም» ተብሎ ለውሻ ይወረወራል። ፊኛው ውስጥ ያለው የትሉ እጭ ነው! ከ1 ወር ተኩል ገደማ በኋላ ውሻው ከሰገራው ጋር እንቁላል መጣል ይጀምራል። ሳር ላይ የወደቀውን በጉ ይግጠዋል። ውሻውን ሲደባብስ የዋለ ልጅ ደግሞ እጁን ሳይታጠብ እንጀራ ሲቆርስ ይውጠዋል።

ብዙ ሰው የሚያምታታው ነገር አለ፦ ይሄ በሽታ ወደ ሰው የሚመጣው ከጥሬ ሥጋ ሳይሆን ከውሻ ሰገራ ነው። ፊኛው ሰው ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ለዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ያድጋል፤ ሕመሙ ሲሰማ ብዙ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ይጠይቃል።

መላው ውድ አይደለም። የተበላሸ ጉበትና ሳንባ ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ይቀበር ወይም ይቃጠል። ለውሻው የሚሰጠው መድኃኒት ፕራዚኳንቴል ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት በዓመት ቢያንስ 4 ጊዜ እንዲሰጥ ይመክራል። መጠኑ በክብደቱ ስለሆነ የወረዳችሁን የእንስሳት ሐኪም ጠይቁ። መድኃኒቱን ከወሰደ በኋላ ያለውን ሰገራ ቅበሩ፣ እንቁላሉን አይገድለውምና።

አንድ ነገር እንጨምር። የእብድ ውሻ ክትባት ይሄን ትል አይከላከልም፤ የትሉ መድኃኒትም ክትባቱን አይተካም። ከበጎቹ ጋር ወደ ስሜን ተራሮች ፓርክ የሚወጣ ውሻ ሁለቱም ያስፈልጉታል። እ.ኤ.አ. በ2003 ባሌ ውስጥ ቀይ ቀበሮዎችን የፈጀው የእብድ ውሻ በሽታ የመጣው ከቤት ውሾች ነበር፤ በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ደግሞ 500 አይሞሉም።