የዛሩ ጢም

እ.ኤ.አ. ፌብሯሪ 25 ቀን 1947፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት ገደማ ዳይሬክተሩ ሰርጌይ አይዘንስታይንና ተዋናዩ ኒኮላይ ቼርካሶቭ ክሬምሊን ገቡ። ስታሊን፣ ሞሎቶቭና ዥዳኖቭ ይጠብቋቸው ነበር። የሚነጋገሩት ስለ አንድ ፊልም ነው፦ ስለ «ኢቫን አስፈሪው» ሁለተኛ ክፍል።

ስለ 16ኛው ክፍለ ዘመን ዛር ፊልም እንዲሠራ የፈለገው ራሱ ክሬምሊን ነበር። በጦርነቱ ምክንያት ስቱዲዮዎቹ ከሞስኮ ስለተነሡ ቀረጻው አልማ አታ፣ ካዛክስታን ውስጥ ተካሄደ። የመጀመሪያው ክፍል የስታሊን ሽልማትን ወሰደ። ሁለተኛው ግን ሕዝብ ሳያየው ታገደ፤ በሴፕቴምበር 1946 ደግሞ የፓርቲው ማዕከላዊ ኮሚቴ በይፋ አወገዘው።

ምን ቢታይበት ነው? ዝቅ ያለ ጣሪያ፣ ጎንበስ ተብሎ የሚታለፍ በር፣ ግድግዳውን የሚሞላ ግዙፍ ጥላ፣ እንደ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል የፈጠጠ ዓይን። የኢቫን ጢም ሾሎ ወደ ላይ ይቀሰራል።

ዥዳኖቭ ያማረረው በዚሁ ጢም ነው። ዛሩ ጢሙ እንዲታይለት አንገቱን አበዛው አለ። አይዘንስታይንም ወደፊት አሳጥረዋለሁ ብሎ ቃል ገባ። (የአገር ዕጣ በእጃቸው ያለ ሰዎች በእኩለ ሌሊት ስለ ጢም ርዝመት!) ሞሎቶቭ ምድር ቤትና ጓዳ በዛ፣ የሞስኮ ሕዝብና ጫጫታ የለም ሲል ቅር ተሰኘ።

ጠለቅ ብሎ ያየው ስታሊን ነበር። ኦፕሪችኒኪ የሚባሉት የዛሩ ጠባቂዎች የኩ ክለክስ ክላን ሰዎች መሰሉ፤ ኢቫንም እንደ ሐምሌት ያመነታል አለ። ጭካኔውን ማሳየት ይቻላል፣ ግን ለምን እንዳስፈለገ ይታይ፤ ዛሩ የተሳሳተው አምስቱን ታላላቅ ቤተሰቦች ጨርሶ ባለማጥፋቱ ነው ሲልም አከለ። ይህ የፊልም ሂስ አይመስልም። ጥቁር በጥቁር ሆኖ በቆየው ፊልም ውስጥ በድንገት በቀለም የሚመጣው የጠባቂዎቹ ጭፈራ ቀይ በቀይ ነው፤ ሰካራም ገዳዮችን በዚያ ቀይ ብርሃን ያየ ሰው ስለ የትኛው ዘመን እንደሚወራ ለመገመት አይቸገርም።

አይዘንስታይን እንዲያርመው ተፈቀደለት። ነገር ግን በ1946 የልብ ድካም መትቶት ስለነበር አቅሙ አልመለሰም፤ ፊልሙንም አንድ ቦታ ሳይነካው ፌብሯሪ 11 ቀን 1948 በ50 ዓመቱ ሞተ። ከተጀመረው ሦስተኛ ክፍል አብዛኛው ጠፋ። ሁለተኛው ክፍል ለሕዝብ የታየው በ1958፣ ስታሊን ከሞተ ከአምስት ዓመት በኋላ ነው፤ ጢሙም ሳያጥር።