የተመዘነ ወርቅና የታመነ ጠባቂ
ከጋምቤላ የንግድ ጣቢያ እስከ ለንደን ችሎት

ዛሬ በጋምቤላ ከተማ መሐል፣ ከባሮ ወንዝ ዳር ቆሞ ለሚመለከት ሰው ይህ ሥፍራ በአንድ ወቅት የምዕራብ ኢትዮጵያ የውጭ ንግድ በር እንደ ነበረ መገመት ያዳግተዋል። ይሁን እንጂ አንድ አገር ሀብቱን በሌላ እጅ ሲያስቀምጥ የሚነሡት ሁለት ጥያቄዎች፣ ማለትም «ሀብቱ በእርግጥ አለ ወይ?» እና «በጠየቅን ጊዜ ይሰጠናል ወይ?» የሚሉት፣ በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ እንዴት እንደ ተፈተኑ ለመረዳት ጋምቤላ ጥሩ መነሻ ናት።

ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል የተፈረመው ውል በአራተኛው አንቀጹ፣ በባሮ ወንዝ ላይ በኢታንግ አካባቢ ርዝመቱ ከ2,000 ሜትር፣ ስፋቱ ከ400 ሄክታር ያልበለጠ መሬት ለሱዳን አስተዳደር በንግድ ጣቢያነት እንዲከራይ ፈቀደ። ጣቢያው የቆመው ጋምቤላ ላይ ነበር። በክረምት ወንዙ ሲሞላ ከካርቱም የሚመጡት የእንፋሎት መርከቦች ጨርቅና ጨው እያራገፉ፣ ከጎሬ ደጋ የወረደውን ቡና ጭነው ይመለሱ ነበር።

የግብይቱ ገንዘብ ጠገራው የማርያ ትሬዛ ብር ሲሆን፣ የአንዱ ክብደት 28 ግራም ያህል ነው። እንግዲህ ቡናውን በ10,000 ብር የሸጠ ነጋዴ 280 ኪሎ ብር በአጋሰስ አስጭኖ ዳገቱን መውጣት ነበረበት። ችግሩ ይህ ሲሆን ጥቅሙ ደግሞ ሌላ ነው። ነጋዴው ገንዘቡን በእጁ ይቆጥራል፤ ይመዝናል፤ ድምፁን ያዳምጣል፤ በንግሥቲቱ ጌጥ ላይ ያሉት የዕንቁ ነጥቦች ያልለዩለትንም ብር አልቀበልም ይላል። ሳንቲሙ በቪየና ይመታ በሌላ ከተማ አይጠይቅም፤ የሚያምነው የብሩን ክብደትና የገዛ ዓይኑን ነውና።

ይህን ሸክም ለማቃለል የመጣው ባንክ ነው። በመጋቢት 1897 ዓ.ም. በተደረገ ስምምነት፣ በግብጽ ብሔራዊ ባንክ ሥር የተቋቋመው የአቢሲኒያ ባንክ በየካቲት 1898 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራውን ጀመረ። ከጊዜ በኋላም ጎሬ ላይ ቅርንጫፍ፣ ጋምቤላ ላይ ደግሞ ወኪል አቆመ። ነጋዴው ከዚህ ወዲህ ብሩን ተሸክሞ ከመሄድ ይልቅ በወረቀት ሊያስተላልፍ ቻለ። ዳሩ ግን ወረቀት የሚታመነው ጠባቂው እስከ ታመነ ድረስ ብቻ ነው፤ ባለገንዘቡ በገዛ እጁ ይመረምር የነበረውን ነገር ለሌላ አሳልፎ ሰጠ ማለት ነው። በ1923 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ይህን ባንክ ገዝቶ የኢትዮጵያ ባንክን ሲያቋቁም፣ አገሪቱ የራሷ ገንዘብ ጠባቂ ለመሆን አንድ ታላቅ እርምጃ ተራመደች።

ፈተናው የመጣው ከአምስት ዓመት በኋላ ነበር። በ1928 ዓ.ም. የፋሺስት ጦር አዲስ አበባ ሲገባ፣ ከጋምቤላ በላይ በሚገኘው በጎሬ ግን በብትወደድ ወልደ ጻድቅ የሚመራ ጊዜያዊ የኢትዮጵያ መንግሥት እስከ ኅዳር 1929 ዓ.ም. ቆይቶ ነበር። ወራሪው የኢትዮጵያን ባንክ በአዋጅ አፍርሶ ሒሳብ አጣሪ ሾመ። ባንኩ በውጭ ስላለው ገንዘብ ከግብጽ ብሔራዊ ባንክና ከዚሁ አጣሪ ጋር ለንደን ላይ ተከራከረ። እ.ኤ.አ. በ1937 የእንግሊዝ ችሎት የሰጠው ፍርድ፣ የእንግሊዝ መንግሥት የጣሊያንን አስተዳደር አገሪቱን በእጁ ያደረገ መንግሥት ብሎ ስለ ተቀበለው የዚያ አስተዳደር አዋጅ ይጸናል፣ ባንኩም ፈርሷል፣ የሚል ሆነ። ገንዘቡ አለ ወይስ የለም የሚል ክርክር አልነበረም፤ የጠፋው ባለቤቱ ነው።

ሁለተኛው ሙግት የበለጠ ያስገርማል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስለ ራዲዮ ቴሌግራፍ ግንኙነት በተደረገ ውል መሠረት ያልተከፈለ ገንዘብ ከኬብል ኤንድ ዋየርለስ ኩባንያ ጠየቁ። በሐምሌ 1930 ዓ.ም. ችሎቱ ፈረደላቸው። በኅዳር 1931 ዓ.ም. ግን የእንግሊዝ መንግሥት የኢጣሊያን ንጉሥ የኢትዮጵያ ሕጋዊ ገዢ አድርጎ ተቀበለ፤ በዚያው ወር የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ፍርዱን ገለበጠው። በጥቂት ወራት ውስጥ የውሉ ቃል አንዲት ፊደል ሳትለወጥ መብቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ተዛወረ።

ይህ የኢትዮጵያ ዕጣ ብቻ ሆኖ አልቀረም። በእንግሊዝ ባንክ የተቀመጠውን 31 ቶን ያህል የቬኔዙዌላ ወርቅ ማን ያዝዝበታል በሚለው ክርክር፣ የእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2021 የተመለከተው ዋና ነገር የእንግሊዝ መንግሥት ማንን ፕሬዚዳንት ብሎ እንደ ተቀበለ ነበር። ጀርመንም በበኩሏ የሒሳብ መርማሪ መሥሪያ ቤቷ በውጭ ያለው ወርቅ በአካል አለመመርመሩን ከነቀፈ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2017 ድረስ ከኒው ዮርክና ከፓሪስ 674 ቶን ወርቅ ወደ ፍራንክፈርት አስመልሳ መረመረች። ጉድለት አልተገኘም፤ ነገር ግን ጉድለት አለመኖሩ የታወቀው ከተመረመረ በኋላ ነው።

ወርቅን በገዛ ቤት ማስቀመጥ ብቻውን ዋስትና እንደማይሆን ደግሞ ኢትዮጵያ ራሷ አይታለች። በ2000 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ወደ ደቡብ አፍሪካ የተላከ ወርቅ፣ በወርቅ የተለበጠ ብረት ሆኖ ተገኘ። በወቅቱ እንደ ተዘገበው በጉዳዩ ከተያዙት መካከል የወርቁን ጥራት ማረጋገጥ ሥራቸው የነበረ ባለሙያዎችም ይገኙበት ነበር። የዚህን ነገር ክብደት መሐንዲስ በቀላሉ ይረዳዋል። የወርቅ እፍግታ 19.3፣ የብረት 7.85 ገደማ ነው። በዓለም ገበያ የተለመደው 12.4 ኪሎ የሚመዝነው የወርቅ ጡብ በዚያው መጠን ከብረት ቢሠራ 5 ኪሎ ያህል ብቻ ይመዝናል። ማታለሉን ለማወቅ ሚዛንና ማስመሪያ ይበቁ ነበር። ስለዚህ የጎደለው መሣሪያ አልነበረም፤ የጎደለው የመርማሪው ነጻነት ነው። በአንጻሩ ከወርቅ እፍግታ ጋር የሚቀራረበው ተንግስተን ከሆነ ሚዛን ብቻውን አይበቃም፤ በድምፅ ሞገድ መፈተሽ ወይም ጡቡን ሰርስሮ ናሙና መውሰድ ያስፈልጋል።

እንግዲህ እምነትና ምርመራ ተቃራኒዎች አይደሉም። የእያንዳንዱ ጡብ ቁጥር፣ ክብደትና ጥራት የሰፈረበት ዝርዝር መያዝ፣ ገዢውና መርማሪው የተለያዩ መሆናቸው፣ በየጊዜውም ከክምችቱ ጥቂቱን አስወጥቶ መፈተን ለመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ይሰጣሉ። ለሁለተኛው ጥያቄ ግን ሚዛን መልስ የለውም። እርሱን የሚመልሰው ሀብትን በአንድ ጠባቂ እጅ ብቻ አለመተውና የመመለሻውን ሁኔታ አስቀድሞ በውል ማስፈር ነው።

ለዚህም ምሳሌው ጋምቤላ ራሷ ናት። የ1894ቱ ውል ኪራዩ የሚጸናው ሱዳን በእንግሊዝና በግብጽ አስተዳደር ሥር እስከ ቆየች ድረስ መሆኑን በግልጽ አስፍሮ ነበር። ሱዳን በታኅሣሥ 1948 ዓ.ም. ነጻ ስትሆን የኪራዩ ዘመን አበቃ፤ ብዙም ሳይቆይ ጣቢያው ለኢትዮጵያ ተመለሰ። ዛሬ በዚሁ ክልል፣ በዲማ ወረዳ፣ በባህላዊ መንገድ ወርቅ የሚያወጡ ሰዎች ያገኙትን ለገዢ ሲያቀርቡ ዓይናቸውን ከሚዛኑ ላይ አያነሡም። ይህን ስለማድረጋቸው ገዢውን አላመኑም ብሎ የሚቀየማቸው የለም።