ቢልሃርዝ ያላገኘው መልስ

በደጎሎም ሆነ በመካነ ሰላም ያደጋችሁ ልጆች እንዶድን ታውቁታላችሁ። ደርቆ ይወቀጣል፣ ውኃ ሲነካው አረፋ ይደፍቃል፣ ጋቢና ነጠላ ያነጣል። ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንድ ጀርመናዊ ሐኪም ነው፤ ታሪኩ ግን መጨረሻ ላይ ወደዚሁ እንዶድ ይመልሰናል።

ቴዎዶር ቢልሃርዝ በ1825 ዚግማሪንገን በምትባል የጀርመን ከተማ ተወለደ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። በ1850 ከመምህሩ ከግሪዚንገር ጋር ወደ ካይሮ ሄደና በሆስፒታል አስከሬን እየከፈተ የሞትን ምክንያት ይመረምር ጀመር። ያኔ በግብፅ ደም የሚሸና ሰው ብዙ ነበር። ከምን እንደሚመጣ ግን ማንም አያውቅም።

በ1851 ቢልሃርዝ ከአንጀት ወደ ጉበት ደም በሚወስደው ሥር ውስጥ ነጫጭ ትሎች አገኘ። በማይክሮስኮፕ ሲያያቸው ጉድ ነው! የወንዱ ገላ እንደ ቦይ ታጥፏል፤ ቀጭኗ ሴት ደግሞ እዚያው ውስጥ ትኖራለች። ቆይቶ የትሉን እንቁላል በሽንት ፊኛ ውስጥ አገኘ። የደሙ ምስጢር ተፈታ፤ በሽታውም በስሙ ቢልሃርዚያ ተባለ።

በ1856 እዚያው ካይሮ የአናቶሚ ፕሮፌሰር ሆነ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ የዓባይ ዓሣ የሆነው አምባዛ መሰሉ ኤሌክትሪክ ዓሣ እንዴት እንደሚነዝር የሚያስረዳ መጽሐፍ አሳተመ።

ታዲያ ትሉ ሰው ውስጥ በየት ይገባል? ይህን ሳያውቅ ቀረ። በ1862 አንድ የጀርመን መስፍን ተከትሎ እስከ ምጽዋ መጣ፤ ወደ ካይሮ እንደተመለሰ በትኩሳት በሽታ ሞተ። ገና 37 ዓመቱ ነበር።

መልሱ የተገኘው በ1915 ነው። ስኮትላንዳዊው ሌይፐር ትሉ መጀመሪያ በውኃ ቀንድ አውጣ ውስጥ እንደሚያድግ፣ ከዚያ ወጥቶ የሰውን ቆዳ በስቶ እንደሚገባ አሳየ። ወንዝ ዳር መታጠብ ወይም መዋኘት ብቻ ይበቃዋል ማለት ነው።

በ1964 ደግሞ ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ወንዝ ዳር ቆሞ አንድ ነገር አስተዋለ፤ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተዋል! ምርምሩን ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ገፋበት፤ በ1989 ሁለቱም ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙ።

አያችሁ፣ አንዱ አስከሬን ውስጥ የጀመረውን ጥያቄ ሌላው ወንዝ ዳር ቀጠለው። የእናቶቻችን ልብስ ማጠቢያ እኮ ለሳይንስ መልስ ይዞ ቆይቷል። እናንተስ ቤታችሁ ውስጥ በየቀኑ እያያችሁ ያልጠየቃችሁት ነገር ምንድን ነው?