የአጎታችን ጌም ቦይ

አጎታችን ከአሜሪካ ወደ ደብረ ታቦር የላኩልን ጌም ቦይ ከነአዳፕተሩ ነበር የመጣው። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ስፒናውን በማስማሚያ ሰካነው፤ ጨዋታው ሳይጀመር አዳፕተሩ ጢሶ ተቃጠለ። ምክንያቱ ከእኛ ቤት የራቀ ታሪክ አለው።

ኤዲሰን እ.ኤ.አ. በ1882 በኒው ዮርክ መብራት ማደል ሲጀምር የመረጠው 110 ቮልት ገደማ ነበር፤ አሜሪካም ከዚያ ብዙ ሳትርቅ ዛሬ 120 ላይ ትገኛለች። የበርሊን የኤሌክትሪክ ድርጅት ግን እ.ኤ.አ. በ1899፣ በዚያው የመዳብ ሽቦ የበለጠ ኃይል ለማድረስ ሲል፣ ወደ 220 ተሻገረ። አውሮፓም መንገዱን ተከተለች፤ የአገራችን መስመርም የያዘው ይህንኑ 220 ነው። ለ120 የተሠራው ትራንስፎርመር ከጉና ሥር የገጠመው ይኸው ነበር። ማስማሚያው የስፒናውን ቅርጽ እንጂ ቮልቱን አልለወጠም።

መሣሪያዎቹ እርስ በርሳቸውም አይስማሙም። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው ጌም ቦይ 6 ቮልት ይፈልጋል፤ በ1996 የተከተለው ጌም ቦይ ፖኬት ግን 3 ይበቃዋል። ስለዚህ ለአሮጌ ጨዋታ አዳፕተር የሚሻ ሰው አስቀድሞ አራት ነገር ያንብብ፤ የሚገባውን ቮልት፣ የሚወጣውን ቮልት፣ ከሚፈለገው የማያንሰውን አምፔር፣ የፖዘቲቭና የኔጋቲቩንም ቦታ።

አጎታችን ዛሬ በሕይወት የሉም። የላኩልን ጌም ቦይ ግን በአራት የባትሪ ድንጋይ አሁንም ይበራል፤ የድንጋዩ አንድ ተኩል ቮልት በአሜሪካም በደብረ ታቦርም አንድ ነውና።