ስለ መናገሻ ደንና ስለ ወጨጫ ተራራ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሆለታ መንገድ ወደ ምዕራብ የሚጓዝ ሰው በስተ ግራው ጀርባው የሰፋ ታላቅ ተራራ ያያል። ስሙም ወጨጫ ነው። ቁመቱ ከባሕር ወለል በላይ 3385 ሜትር ሲሆን በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ ጎኑ ላይ መናገሻ ወይም መናገሻ ሱባ የሚባለው ደን ይገኛል። ደኑ በወጨጫ ላይ ሳለ ስሙ መናገሻ መባሉ ብዙ ሰው ያሳስታል። የመናገሻ ተራራ ሌላ ነው፤ ከወጨጫ ያነሰ ሆኖ የጥንት ነገሥታት ዘውድ ይጭኑበት ነበር እየተባለ የሚነገርለት ነው። ሱባ ደግሞ የደኑ ጥበቃ የሚመራበት ስፍራ ነው።

ስለዚህ ደን ከተማሪዎች መካከል አብዛኞቻችን የምናውቀው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም «ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ አስተከሉት» የሚለው ነው። እኛም ይህ ወግ ምን ያህል እንደሚያስኬድ፣ ደኑም እስከ ዛሬ በማን ኃይልና ለማን ጥቅም እንደ ቆየ ለመመርመር አስበን ይህን አጭር ጽሑፍ አዘጋጅተናል። ዘመኑን ሁሉ የቈጠርነው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው፤ የውጭ አገር ሰዎች ከጻፉት ጋር ለማስተያየት ስለሚቀል ነው።

አስቀድሞ ስለ መሬቱ ጥቂት እንበል። ወጨጫ ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት እሳት ይተፋ የነበረ፣ ዛሬ ግን የጠፋ የእሳተ ገሞራ ተራራ ነው። ከእርሱ ጋር ፉሪና የረር በአንድ የምድር ስንጥቅ መሥመር ላይ የተሰለፉ ወንድማማቾች ናቸው። ከተራራው የሚወርደው ውሃ ሁሉ ወደ አዋሽ ይገባል፤ ስለዚህ የወጨጫ ዛፍ ቢመነጠር ጉዳቱ በወጨጫ ላይ ብቻ የሚቀር አይደለም፤ ከሥሩ ባለው የእርሻ ሜዳና ከዚያም በታች ባለው ወንዝ ላይ ይደርሳል።

ወደ ተራራው የሚወጣ ሰው የዛፉ ዓይነት በየደረጃው ሲለዋወጥ ያያል። በታችኛው ክፍል ዋናው ዛፍ የሐበሻ ጽድ ነው፤ ከእርሱ ጋር ዝግባና ወይራ ተቀላቅለዋል። ጽዱ ግንዱ ቀጥ ያለና ወፍራም፣ ቅርፊቱ እንደ ገመድ የሚላጥ፣ እንጨቱም ምስጥ የማይደፍረው ነው፤ ስለዚህም ለቤተ ክርስቲያንና ለቤተ መንግሥት ምሰሶ ከሁሉ ይልቅ ሲፈለግ ኖረ። ከዚያ ከፍ ሲሉ ቀዩን አበባውን ያንጠለጠለ ኮሶ ይመጣል፤ የጥሬ ሥጋ ልማድ ባለበት አገር የዚህን ዛፍ ጥቅም ለአንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። ወደ ጫፉ ሲቃረቡ ዛፉ እያጠረ ይሄድና አስታና አምጃ ቦታውን ይይዛሉ። ከአራዊቱም ጉሬዛ፣ ጦጣ፣ ከርከሮና ነብር፣ እንዲሁም ጠጕሩ የጠቆረው የደጋ ድኩላ ይኖሩበታል። ይህን ድኩላ ኦስካር ኖይማን የተባለው ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1902 በሳይንስ መዝገብ ሲያስገባው በዐፄ ምኒልክ ስም ጠርቶታል።

አሁን ወደ ወጉ እንመለስ። ወጉ የሚለው እንዲህ ነው፤ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468) የወጨጫ ተራራ ተራቍቶ ባዩ ጊዜ ከወፍ ዋሻ ደን የጽድ ዘር አስመጥተው አስዘሩት፤ ከዚያም ወዲህ በነገሥታቱ ትእዛዝ ተጠበቀ። ወፍ ዋሻ በደብረ ሲና አጠገብ ባለው በሸዋ ምሥራቃዊ ገደል ላይ ያለ ደን ነው፤ ከወጨጫም ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። አንድ ንጉሥ በዚያ ዘመን ይህን ያህል ርቀት ዘር ማስጋዙ እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ዘርዐ ያዕቆብ በመጨረሻው የዘመናቸው ክፍል የተቀመጡት በደብረ ብርሃን ነበር፤ ከደብረ ብርሃን እስከ ወፍ ዋሻ ቅርብ ነው። እንግዲህ ወጉ የሚጠራው ደን ንጉሡ በእርግጥ ሊያውቁት የሚችሉት ደን ነው። ይህ ብቻውን ማስረጃ ባይሆንም ወጉን እንደ ተረት ቈጥሮ ከመጣል ያስጠነቅቃል።

በሌላ በኩል ደግሞ «አስተከሉት» ማለት «ከዚያ በፊት ደን አልነበረም» ማለት ነው ብለን አንቀበልም። ጽድ በእንደዚህ ያለ ደጋ ላይ ያለ ሰው እጅ የሚበቅል ዛፍ ነው፤ ፍሬውን ወፎች በልተው ዘሩን በየስፍራው ይጥሉታል። ደግሞም ወጉ ራሱ ተራራው ተራቍቶ ነበር ይላል እንጂ ዛፍ አያውቅም ነበር አይልም። ታዲያ ማን አራቈተው? በዘመኑ የነገሥታቱ ከተማ የድንኳን ከተማ ነበር። በ1520 የመጣው የፖርቱጋል ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ከንጉሡ ሰፈር ጋር ይጓዝ የነበረውን እጅግ ብዙ ሕዝብ ገልጾ ጽፏል። ያን ያህል ሰው በአንድ ስፍራ ጥቂት ወራት ሲሰፍር ለማገዶው ያለቀውን ዛፍ መገመት አያስቸግርም። በ1460 ገደማ በቬኒስ የተሣለው የመነኵሴው የፍራ ማውሮ ካርታም ባራራ የምትባል የነገሥታት ከተማ ያሳያል፤ ተመራማሪዎችም ባራራን በወጨጫ፣ በየረርና በእንጦጦ መካከል ባለው አገር ይፈልጓታል። ይህ ግምት እውነት ከሆነ ወጨጫ በዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የቤተ መንግሥት ጎረቤት ነበረ ማለት ነው። ስለዚህ በእኛ አስተያየት ወጉ የሚነግረን ስለ ደኑ መፈጠር ሳይሆን ስለ መታደሱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ እናስገባ። «ከመቶ ዓመት በፊት ከኢትዮጵያ መሬት መቶ እጅ አርባው ደን ነበር» የሚለው ቃል በየመጽሐፉና በየንግግሩ ይደጋገማል፤ የታሪክ ጸሐፊዎች ግን መሠረቱን ፈልገው አላገኙትም። የሸዋ ደጋ ከዚያ አስቀድሞ በእርሻ የተያዘ ነበር። የመናገሻ ደን የሚያስደንቀውም ስለዚሁ ነው፤ ዙሪያው ሲታረስ እርሱ መቅረቱ።

በአሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት የኢማም አሕመድ ጦርነት መጣ፤ ከዚያም ኦሮሞ በአገሩ ሰፈረ፤ የነገሥታቱም መቀመጫ ወደ ሰሜን ዞረ። ከዚህ በኋላ ባሉት ሦስት መቶ ዓመታት ደኑን ማን ጠበቀው ቢባል «የንጉሥ ትእዛዝ» የሚለው መልስ አይበቃም። የንጉሥ ሹም በሌለበት ዘመን ጽዱ ቆሞ ከተገኘ በዙሪያው የኖሩት የኦሮሞ ገበሬዎችና ከብት አርቢዎች አላጠፉትም ማለት ነው። ይህን የሚያነሣ ጸሐፊ ጥቂት ነው፤ በእኛ አስተያየት ግን የታሪኩ ግማሽ ክፍል ይህ ነው።

ዐፄ ምኒልክ ወደ እንጦጦ ሲመጡ የጥንቱ ነገር ተመለሰ። በእንጦጦ የነበረው ዛፍ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለቤትና ለማገዶ አለቀ። በ1886 እቴጌ ጣይቱ በፍልውሃው አጠገብ አዲስ አበባን ከመሠረቱ በኋላ ከተማይቱ ስታድግ እንጨት ከሩቅ ይመጣ ጀመር፤ ለትልልቅ ሕንፃዎች የሚሆነው የጽድ ግንድም ከመናገሻ ይወርድ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ያለ ፈቃድ ዛፍ እንዳይቈረጥ ከለከሉ፤ ነገር ግን የከለከሉት ራሳቸው ትልቁ ፈላጊ ነበሩ። ይህን የምንለው ለነቀፋ አይደለም፤ ትእዛዙ ደኑን ከሕዝቡ መጥረቢያ ሲያድን ለቤተ መንግሥቱ መጥረቢያ ማቈየቱን ለማስገንዘብ ነው። በሌላ በኩል ትእዛዙ ባይኖር ኖሮ ወጨጫ እንደ እንጦጦ ይሆን እንደ ነበር አንጠራጠርም።

የእንጨቱ ችግር እንዲህ ከመባባሱ የተነሣ በ1900 ዐፄ ምኒልክ ዋና ከተማውን ወደ ምዕራብ፣ ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ቈረጡ። ሥራውም ተጀመረ፤ በኋላ ግን ሐሳቡ ተለወጠና የቤተ መንግሥቱ ስፍራ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ተሰጠ። አዲስ አበባን በቦታዋ ካስቀሯት ነገሮች አንዱ በ1890ዎቹ ከውጭ የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ በጥቂት ዓመት ለማገዶ ይደርሳል፤ ሲቈረጥም ከጉቶው መልሶ ያቈጠቍጣል። ጽድ ግን ሰው ተክሎት የልጅ ልጁ የሚቈርጠው ዛፍ ነው። ብዙዎች ባሕር ዛፍን ውሃ ጠጭ፣ መሬት አድራቂ እያሉ ይከሱታል፤ ክሱም መሠረት አለው። ነገር ግን የከተማይቱ ምድጃ በባሕር ዛፍ ባይነድድ ኖሮ የነደደው የመናገሻ ጽድ ይሆን ነበር፤ ይህን ውለታ የሚቈጥርለት ሰው ግን አላየንም።

ከዚያ ወዲህ ያለው የሕግ ታሪክ ነው። በ1965 የመንግሥት፣ የግልና የመከላከያ ደኖችን የሚመለከቱ ሦስት አዋጆች በአንድ ዓመት ወጡ። በ1975 የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት ሆነ፤ በ1980ና በ1994 ደግሞ ሌሎች የደን አዋጆች ተከተሉ። ሕጉ ሲለዋወጥ የደኑ ባለቤት ስምም ይለዋወጥ ነበር፤ በ1991 በመንግሥት ለውጥ ጊዜ በብዙ የአገራችን ክፍል እንደ ታየውም ባለቤቱ ማን እንደ ሆነ የማይታወቅ ደን ቶሎ ይቈረጣል። ከ2009 ጀምሮ መናገሻን የሚያስተዳድረው በዚያው ዓመት የተቋቋመው የኦሮሚያ የደንና የዱር እንስሳት ድርጅት ነው።

ለገበሬው ግን የአዋጁ ቍጥር ብዙም ልዩነት የለውም። እርሱ የሚያየው ወሰኑን ነው፤ ከወሰኑ ወዲያ ከብቱ አይገባም፣ ማገዶም አይለቀምም። በጀርባዋ እንጨት ተሸክማ ወደ ገበያ የምትወርድ ሴትም የምታውቀው ጠባቂውን ነው። የዕለት እንጀራዋ በዚያ ሸክም ላይ ነውና «ደን ሀብታችን ነው» ተብሎ ቢነገራት «የማን?» ብትል የሚገባት ጥያቄ ነው።

በደኑ ታችኛ ክፍል የፈረንጅ ጽድና ባሕር ዛፍ በሰፊው ተተክለዋል። ከሩቅ ሲታዩ እንደ ወታደር የተሰለፉ ስለ ሆኑ ከተፈጥሮው ደን በቀላሉ ይለያሉ። በእነዚህ በተተከሉት ዛፎች ሥር በተደረገ ጥናት ማንም ሳይተክላቸው የአገር ዛፎች ችግኞች በብዛት በቅለው ተገኝተዋል። ዘሩን ያመጡት በአጠገቡ ካለው አሮጌ ደን ወፎች፣ አራዊትና ነፋስ ናቸው፤ ጥላውን የሰጧቸው ደግሞ የውጭ አገር ዛፎች ናቸው። በተራቈተ ሜዳ ላይ ፀሐይና ከብት የሚያጠፉት ችግኝ በዚያ ጥላ ሥር ይድናል። የተተከሉት ዛፎች ለጣውላ ሲቈረጡ ግን ግንዱ በወደቀበት በኩል ያለው ችግኝ አብሮ ይደቅቃል፤ ስለዚህ ቈራጮቹ ግንዱን በየት አቅጣጫ እንደሚጥሉና በየት በኩል ጎትተው እንደሚያወጡ አስቀድሞ መወሰን ያስፈልጋል።