ከሰል ማክሰልና የሴሉሎዝ ጠባይ

ጎፋን በመሳሰሉ የአዲስ አበባ ሠፈሮች ለብዙ ዓመታት ቡና የፈላበት ከሰል በአመዛኙ ከስምጥ ሸለቆ የግራር ደን የመጣ ነው፡፡ አክሳዩ እንጨቱን ከምሮ በሣርና በአፈር ይሸፍንና አየር ነስቶ ለቀናት በዝግታ ያከስለዋል፡፡ ከእንጨቱ ክብደት ከሰል የሚሆነው ብዙውን ጊዜ ከአምስት እጅ አንዱን እንኳ አይሞላም፤ የቀረው ጢስ ሆኖ ይጠፋል፡፡

የእንጨት ዋና አካል የሆነው ሴሉሎዝ በሙቀት የሚከተላቸውን መንገዶች ብራድበሪ፣ ሳካይና ሻፊዛዴህ በ1979 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት አብራርተዋል፡፡ ይኸውም ሙቀቱ ዝቅ ሲል ወደ ከሰልና ጋዝ፣ ከፍ ሲል ወደ ተን ያዘነብላል፡፡ የደቀቀ ደረቅ እንጨት በ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በቅጽበት ሞቆ ተኑ ወዲያው ከቀዘቀዘ፣ ከክብደቱ እስከ 75 በመቶ የሚደርሰው ፈሳሽ ይሆናል፡፡

ስለሆነም አክሳዩ ዝግታን መምረጡ ትክክለኛ የልምድ ዕውቀት ነበር፡፡ የጎደለው ጢሱን የሚይዝበት ዘዴ ነው፤ የዚህንም ዕዳ የከፈለው የግራሩ ደን ነው፡፡