ያልተቀባበለው መሣሪያ፦ የሰብማሽን ገን ማቀባበያና ሴፍቲ በኢትዮጵያ ታሪክ ዙሪያ

በምኒሽርና በመውዜር ያደገ ወታደር «አላቀባበልኩም» ካለ ሥጋት የለም ማለቱ ነው። ጥይቱ ገና ካዝና ውስጥ ነው፤ ምላጭ ቢሳብም የሚፈነዳ ነገር የለም። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ዘመን በተሠሩት ሰብማሽን ገኖች፣ ማለትም የሽጉጥ ጥይት በተከታታይ በሚተኩሱት አጫጭር መሣሪያዎች ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ካዝናው ተሰክቶ፣ ቦልቱ ወደ ፊት ተመልሶ ያረፈ፣ ማንም ያላቀባበለው መሣሪያ ከጭነት መኪና ወድቆ በሰደፉ መሬት ቢመታ ሊተኩስ ይችላል። የማቀባበያ እጀታና የሴፍቲ ታሪክ በአመዛኙ የዚህ የአንድ ችግር ታሪክ ነው ብዬ እከራከራለሁ። ከኢትዮጵያ ጋር የሚነካኩት የጣሊያን፣ የአሜሪካና የእስራኤል ሥሪቶችም በዚሁ ሚዛን ቢታዩ ይሻላል። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ችግሩ ከአሠራሩ ይመነጫል። ተኳሹ እጀታውን ሲስብ ከባዱ ቦልት ሞላውን ጨምቆ ወደ ኋላ ይሄድና በምላጩ ጥርስ ይያዛል። ምላጩ ሲሳብ ይለቀቃል፤ ወደ ፊት ሲወረወር ከካዝናው አንድ ጥይት ገፍቶ ያጎርሳል፤ በዚያው ቅጽበት መርፌው ይመታዋል። በብዙዎቹ ላይ መርፌው ቦልቱ ፊት ላይ የተተከለ ጉጥ እንጂ ራሱን የቻለ አካል አይደለም። ስለዚህ ቦልቱ ጥይት ለማንሳት የሚበቃውን ያህል ወደ ኋላ ሸሽቶ፣ ጥርሱ ዘንድ ሳይደርስ ከተመለሰ፣ ምላጭ ሳይነካ ይተኮሳል። መሣሪያ ሲወድቅ የሚሆነው ይኸው ነው፤ አካሉ ድንገት ሲቆም ቦልቱ በክብደቱ ጉዞውን ይቀጥላል።

ሁጎ ሽማይሰር በ1918 ለጀርመን ጦር ያቀረበው ኤምፒ 18 ይህን አላሰበበትም። ሴፍቲው እጀታው የሚሰነቀርበት ከኋላ በኩል የተቆረጠ ጎድጓዳ ቦታ ብቻ ነበር፤ የተቀባበለውን ይይዛል፣ ያልተቀባበለውን አይነካም። በኤምፒ 38 ላይም ጉድለቱ ቀጠለ፤ የጀርመን ወታደሮች እጀታውን ከፊት በቆዳ ማሰሪያ አስረው ይሄዱ ነበር። መፍትሔው በኤምፒ 40 የመጣው በሁለት ክፍል የተሠራ እጀታ ሆኖ ነው፦ ወደ ውስጥ ሲገፋ ፊት ያረፈውን ቦልት ከአካሉ ጋር ይቆልፈዋል። እንግሊዞችም በ1941 በችኮላና በርካሽ በሠሩት ስቴን ላይ ያንኑ ስህተት ደግመው ያንኑ መፍትሔ ዘግይተው አመጡ። ሶቪየቶች በፒፒኤስኤች 41 እጀታው ላይ ትንሽ ተንሸራታች ቁራጭ አስቀምጠው ቦልቱን ከፊትም ከኋላም ቆለፉት። በእኔ ግምት ከሁሉ ንጹሑ መላ ይህ ነው።

ጣሊያኖች በሌላ መንገድ ሄዱ። ቱሊዮ ማሬንጎኒ የነደፈው ቤሬታ 38 የመጀመሪያ ገዢው አዲስ አበባም ሰፍሮ የነበረው የጣሊያን አፍሪካ ፖሊስ ነው። ለዚህ ኃይል የተሠራው ዓይነት ተጣጣፊ ሳንጃ ነበረው። ምላጮቹ ሁለት ናቸው፦ የፊተኛው አንድ በአንድ፣ የኋለኛው በተከታታይ ያስተኩሳል። ከኋለኛው ምላጭ በስተጀርባ ተከታታዩን ተኩስ ብቻ የሚከለክል መቆለፊያም ተጨምሯል። እዚህ ላይ ሴፍቲ የተባለው ነገር ፖሊሱን ከአደጋ ከመጠበቅ ይልቅ ጥይት እንዳያባክን መግቻ ይመስላል። ማቀባበያው ግን በሚገባ የታሰበበት ነው፤ ከአቧራ መከላከያ ጋር ተያይዞ በቀኝ በኩል ተቀምጧል፣ ሲተኮስም ከቦልቱ ጋር አይመላለስም።

የአሜሪካኖቹ ጉዳይ ለእኛ ይበልጥ ይቀርባል። በኮሪያ ጦርነት የዘመተው የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ቃኘው ሻለቃ በግንቦት 1951 ፑሳን ደርሶ ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ሲሰለፍ የታጠቀው የአሜሪካን መሣሪያ ነበር። በዚያ ጦርነት የአሜሪካ ጦር ሰብማሽን ገኖች ቶምሰንና ኤም 3 ናቸው። የቶምሰን ሴፍቲ ለብቻው የቆመ ሊቨር ቢሆንም የሚሠራው ቦልቱ ወደ ኋላ ሲሳብ ብቻ ነው፤ የኤምፒ 18ን ድክመት በተሻለ ብረት ደገመው ማለት ይቻላል።

ጆርጅ ሃይድ የነደፈው፣ የመኪና መብራት ሲሠራ በኖረው የጄኔራል ሞተርስ ፋብሪካ የተመረተው ኤም 3 ግን መልከ ጥፉ ቢባልም በስም አይደግፉት። ከቀለህ መውጫው በላይ ማጠፊያ ያለው ክዳን አለ፤ ከክዳኑ ሥር ጉጥ ወጥቷል። ክዳኑ ሲዘጋ ጉጡ ቦልቱ ላይ ካለው ጉድጓድ ይገባና ቦልቱ ከፊትም ይሁን ከኋላ ቀጥ ብሎ ይቆማል። አቧራ መከላከያውም ሴፍቲውም አንድ ቁራጭ ቆርቆሮ ነው። ደካማ ጎኑ ማቀባበያው ነበር፤ በቀኝ በኩል የሚጠመዘዘው እጀታ ስለሚሰበር በ1944 መጨረሻ የወጣው ኤም 3ኤ1 ጭራሽ አስወገደው። ወታደሩ ጣቱን ቦልቱ ላይ ካለው ቀዳዳ አስገብቶ ይስባል፤ ለመሳብም ክዳኑን መክፈት ግድ ነው። ስለዚህ ሳያውቀው ሴፍቲውን ይፈታል፣ ሲዘጋው ደግሞ ይቆልፋል።

ኢትዮጵያ ከእስራኤል ጋር በነበራት ወታደራዊ ትብብር ዘመን የታወቀው የኡዚኤል ጋል ኡዚ ጥንቃቄውን ወደ እጅ አዛወረው። ከመያዣው በስተጀርባ ያለው ሴፍቲ በመዳፍ ካልተጨመቀ መሣሪያው አይተኩስም፣ አይቀባበልምም። ከላይ ያለው ማቀባበያም ጥርሳም ነው፦ የላበ እጅ መሃል ላይ ቢያመልጠው ቦልቱ ባለበት ይያዛል እንጂ ወደ ፊት ተወርውሮ አይተኩስም።

ይህ ሁሉ ለታሪክ ተመራማሪ የሚጠቅመው ፎቶግራፍ ሲያነብ ነው። የኤም 3 ክዳን ክፍት ከሆነ ሴፍቲው ተፈቷል፤ ዝግ ከሆነ ለካሜራ የተያዘ ወይም በሰልፍ ላይ ያለ ሊሆን ይችላል። የኤምፒ 40 እጀታ መገፋቱን፣ የቶምሰን ቦልት የት እንዳለ ማየትም እንዲሁ ስለ ቅጽበቱ ይናገራል። አሜሪካ፣ በተለይ ካሊፎርኒያ ለምትኖሩ አንባቢዎች፣ መሣሪያዎቹን እንደ ቅርስ ቤት ማኖርን በተመለከተ የካሊፎርኒያ ሕግ ተራ ሰው አውቶማቲክ መሣሪያ እንዲይዝ አይፈቅድም፤ በፌዴራል ደረጃም ከ1986 ወዲህ አዲስ የተሠራ ለግለሰብ አይመዘገብም። ፎቶግራፍን ግን የሚከለክል የለም። ሎንግ ቢችም ሆነ ፌርፋክስ አካባቢ የምትኖሩ፣ አባት ወይም አያት ከኮሪያ ያመጣው ምስል በአልበም ያስቀመጣችሁ፣ ከመጥፋቱ በፊት በጥሩ ጥራት ቅዱትና ከጀርባው የተጻፈውንም ጭምር ለተመራማሪዎች አሳዩ።